ለቅሶ የያዘው ገበያ

እኛ አገር ለአገር ስም አይወጣም። ስም የሚወጣው ሲጠሩት ለሚመጣ ነገር ነው፤ ለልጅ፣ ለበሬ፣ ለውሻ። አገር ተጠርቶ ስለማይመጣ ስም አላወጣንለትም። ስለዚህ ይህ ነገር የት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ቢኖር የምመልስለት የለኝም። መሆኑን ግን ሆኗል፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ፣ ተቀምጬም አልቅሻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሽኝት ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ክብር የሚታወቀው ሲመጣ በተነጠፈለት ምንጣፍ ሳይሆን ሲሄድ በሸኙት መንገድ ርዝመት ነው። ጎረቤት እስከ ደጅ ይሸኛል። ዘመድ እስከ ወንዙ። አማች እስከ ኮረብታው አናት። አባቴ ሲነግረን፣ በአያቱ ዘመን አንድ ትልቅ ሰው መጥተው ሲመለሱ መንደሩ በሙሉ ሊሸኛቸው ወጣ፤ «እኔ ቀድሜ አልመለስም»፣ «እኔም አልመለስም» ሲባባል ቤታቸው ድረስ አደረሳቸው። እሳቸውም በተራቸው፣ ይህን የመሰለ ሸኚ ያለ ሸኚ አይመለስም ብለው መንደሩን ይዘው መጡ። እንዴት እንደተለያዩ አባቴ አልነገረንም። ምናልባት አልተለያዩም ይሆናል።

ለምርትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ጥቂት ምርት ቅርብ ይሸጣል፤ ብዙ ምርት ግን እንደ ትልቅ ሰው ሩቅ መሸኘት አለበት። ይህ ሥርዓት ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር፤ ብዙ ምርት የሚባል ነገር አይተን አናውቅማ። የገበያው ድንጋይ ከአባቶቻችን ጀምሮ ከመንደሩ ግርጌ ካለው ሾላ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ጠፍጣፋ ነው፤ ቀለሙ የዝናብ ደመና ይመስላል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። እሱ ባለበት መሸጥና መግዛት ይቻላል። እሱ በሌለበት የተሸጠ እንዳልተሸጠ ይቆጠራል፤ ሻጩም ገዢውም ይቀጣሉ።

ወንድሜ ጫንያለውና ሚስቱ አንጓች ከጅረቱ ዳር ጠባብ ማሳ ነበራቸው። ሽንኩርት ይተክላሉ። ሽንኩርታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር። ወንድሜ ግን «ትንሽ ይሁን እንጂ ሲያስለቅስ ከትልቁ አያንስም» ይል ነበር።

አንድ ዓመት በጋው ሲገባ አንዲት አስተማሪ መጣች። የሰው አገር ሰው ናት፤ የተላከችው ገበሬው ከያዛት ከዚያችው መሬት የተሻለ እንዲያገኝ እንድታሳየው ነው። ችግኝ አፍልቶ ማዛወር፣ በመስመር መትከል፣ ቦይ ማውጣት፣ ብስባሽ ማዘጋጀት፣ የጅረቱን ውሃ በተራ መጠቀም አስተማረችን።

«ሽንኩርት ወታደር ነው እንዴ በሰልፍ የሚቆመው?» አላት ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ግማሹን እንደ ልማድዎ ይትከሉት፤ ግማሹን እንደ ወታደር ያሰልፉት። የትኛው እንደሚያስለቅስ ያን ጊዜ እናያለን።»

ከሰልፈኛው ወገን የተነቀለው የመጀመሪያው ራስ ሽንኩርት የሰው ቡጢ ያህል ነበር። ወንድሜ አፈሩን በጋቢው ጠርጎ ቤት ይዞት ገባና ትራሱ አጠገብ አኖረው።

«አንተ ሰው፣ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው ከሽንኩርት ጋር?» አለችው አንጓች።

«ከሚያድገው ጋር።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከሠርጋችን ጀምሮ ያው ነሽ።»

«እሱ ቢያድግም እኔን ያህል አላስለቀሰህም!» አለችና ሳቀች። ሳቋ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የአንጓች ሳቅ እንደዚያ ነው፤ ጅረት ድንጋይ ላይ ሲወርድ ዓይነት፣ አንዴ ከጀመረ የማይመለስ። ይህን የምጽፈው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በከርሞው መንደሩ ሁሉ ሽንኩርቱን አሰለፈ። ምርቱም እንደዚያው ሆነ። ይህን ጊዜ የበረከት ሹም ሰሙ። የበረከት ሹም የሚባሉት ሥራቸው በረከት በተገኘ ጊዜ ክብሩን መወሰን ነው፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ ሥራ ፈትተው ኖረዋል። ክምሩን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ይህን ሾላ ሥር መሸጥ፣» አሉ፣ «ንጉሥን እስከ ደጅ ሸኝቶ እንደመመለስ ነው።»

ድንጋይ አንሺዎቻቸውን ጠሩ። አራት ጎበዞች ድንጋዩን በወሳንሳ ተሸክመው፣ ከበሮ እየተመታላቸው ወንዙን ተሻገሩ።

እኛም እልል አልን። ይህ መታወቅ አለበት፤ ማንም አላስገደደንም። «ገበያችን ወንዝ ተሻገረ!» እያልን ጨፈርን። ከበታቻችን ያለው መንደር፣ የራሱ ገበያ ድንጋይ ዛሬም ደጁ ላይ የተቀመጠበት ምስኪን፣ በቅናት ሊሞት ደረሰ።

በተከታዩ ዓመት ምርቱ ጨመረ፤ ድንጋዩም ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። ክብራችን ከፍ አለ፤ የሽንኩርቱ እኩሌታ መንገድ ላይ በሰበሰ። ወንድሜ የበሰበሰውን ሜዳ ላይ መጣል አልሆነለትም፤ ከመንገዱ ዳር እየቆፈረ እየቀበረ ሄደ።

«የሚመጣው ካልተሸጠ ማሳውን ለሣር እተወዋለሁ ብሏል» አለችኝ አንጓች። «ደብሬ፣ ሽንኩርት የማይተክል ጫንያለውን ምን አደርገዋለሁ?»

የሚመጣው መጣ። እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። ሹሙ ክምሩን ዞረው አዩት፤ ደግመው ዞሩት። «ለዚህ የሚመጥን ርቀት እኔ አላውቅም» አሉ። «ድንጋዩ ይሂድ። የሚበቃው ቦታ ሲደርስ ራሱ ያውቀዋል።»

«ጌታዬ፣» አለች አስተማሪቱ፣ «ሽንኩርት እኮ ይበሰብሳል።»

«ክብር አይበሰብስም፣ ልጄ።»

«ሰው የሚበላው ግን ሽንኩርቱን ነው።»

ሹሙ በሐዘኔታ አዩዋት። የሰው አገር ሰው መሆኗን አስታውሰው ይቅር አሏት።

የዚያን ጉዞ ነገር ሳስበው ተኝቼ ያየሁት ይመስለኛል። ድንጋዩን አናየውም፤ ከበሮውን ብቻ እንሰማለን። ከኮረብታው ወዲያ ድም ድም ይላል፤ ኮረብታውን ስንወጣ ከሚቀጥለው ኮረብታ ወዲያ ነው። አህዮቹ ጆንያውን ተሸክመው፣ እኛ አህዮቹን ተከትለን። ቀኖቹ እየተያያዙ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ሆኑ። ዝናብ ያልሆነ፣ ጤዛም ያልሆነ ነገር ይወርድ ነበር፤ በእሱ የተነሳ ሽንኩርቱ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ማቆጥቆጥ ጀመረ። አረንጓዴው ጫፍ በጆንያው ቀዳዳ ብቅ ብቅ አለ። ጠዋት ስንነሳ አህዮቹ ጀርባቸው ላይ የጓሮ አትክልት የበቀለባቸው ይመስላሉ። ነጫጭ ቢራቢሮዎች ተከተሉን። የኋለኛው አህያ የፊተኛውን ጭነት እየጋጠ ይሄዳል፤ የሚከለክለው አልነበረም፤ ተራ የደረሰው መስሎን ነበር።

«አንጓች፣» አላት ወንድሜ፣ «ቤታችን ቆመን ብንተክለው ይህን ያህል አያምርም ነበር።»

«ዝም ብለህ ሂድ። ትንፋሽህ አጥሯል።»

«አላጠረም፤ ቀድሞኝ ሄዶ ነው። ከበሮው ጋ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።»

«እንግዲያው ስትደርስ ውሃ አጠጣው» አለችው። መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ እሱ ወገብ ላይ፣ አንዱን የራሷ እጅ ላይ አሰረች። እየጎተተችው ይሁን እየጎተታት ማወቅ አይቻልም ነበር።

ከዚያ ጉም ወረደ። እጅን ዘርግቶ የራስን ጣት ማየት የማይቻልበት ጉም ነው። ከበሮው አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከኋላችን ይሰማል። ድንጋይ አንሺዎቹም መንገድ ጠፍቷቸው እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። የክብር ሥራ ነውና መጥፋታቸውን ለመናገር አፍረው ዝም ብለው ከበሮውን መቱ።

ወንድሜ ድንገት መቀነቱን ፈታና ወደ ድምፁ ሮጠ። «ያዝኩት!» ሲል ሰማነው። ስንደርስ ድንጋዩ ሣር ላይ ተቀምጧል፤ አንሺዎቹ ትንፋሽ ሊሰበስቡ አውርደውት ነበር። ወንድሜ ላዩ ላይ ተቀምጧል። አንድ ራስ ሽንኩርት በእጁ ይዟል።

«ደረስን» አለ።

«ደረስን» አለችው አንጓች። «አሁን ትንሽ ጋደም በል።»

አልመለሰላትም።

ጉሙ የተገፈፈው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዶሮ ጮኸ። ዶሮውን አወቅሁት፤ የእኔው ዶሮ ነው። ከዚያ ሾላው ታየ። ከዚያ የወንድሜ ቤት ጣሪያ። ያን ሁሉ ቀን ዞረን ዞረን የመጣነው ከራሳችን ማሳ ጀርባ፣ ጥጆቻችን ከሚግጡበት መስክ ላይ ነበር።

በአገራችን ሹም የማያነሳው አንድ ነገር ቢኖር ለቅሶ ነው። ለቅሶ ከተቀመጠበት አይነሳም። ሟች የሞተበትም ነገር፣ አልጋ ይሁን ኮርቻ፣ ሐዘንተኛዋ ተጽናናሁ እስክትል ድረስ ከቦታው አይነቀነቅም። ወንድሜ የሞተው ድንጋዩ ላይ ነው።

ድንኳን ተተከለ። ሙሾ አውራጇ ወንዝ ማዶ ናት፤ እሷ እስክትመጣ የሚያወርድ ጠፋ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ሲተያይ የእኔ አፍ ተከፈተ። ያስተማረኝ ሰው የለም።

ሩቅ ነው ብለኸን ስንቅ አስረን ነበር፣
ለካስ ጓሮህ ኖሯል የመንገዱ ድንበር።

አንጓች ፊቷን ነጨች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው እንደ ወጉ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ገብስም፣ አተርም፣ በርበሬም ይዞ መጣ። እኛ ደግሞ አህዮቹ ጀርባ ላይ ሽንኩርት አለን። ድንጋዩ መሃላችን ተቀምጧል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ብቻ አንዲት ሴት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ነፍስ ይማር፤ ይህ መደብ በስንት ነው?» አለች። እስከ ሰልስቱ ሽንኩርቱ አለቀ። የበቀለውን እንኳ ሰው ለመትከያ ወሰደው።

ሹሙ መጡ። ደረታቸውን መቱ፤ አለቀሱ፤ ከዚያ ድንጋዩን አዩት።

«ይህ ከሾላው እንኳ ይቀርባል» አሉ በጭንቀት።

«ለቅሶ ነው፣ ጌታዬ» አሏቸው አያ ድንበሩ፣ የመንደራችን ሽማግሌ።

«አውቃለሁ።»

«ለቅሶ ደግሞ አይነሳም።»

«አውቃለሁ አልኩ እኮ!»

ሹሙ ሲያስቡ ሰነበቱና መላ አገኙ። ለቅሶን ማንሳት ባይቻል ሐዘንተኛን ማጽናናት ይቻላል። አጽናኝ ሾሙ።

አጽናኙ ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነበር። በየዓመቱ ከመከር በኋላ ድንጋይ አንሺዎቹን አስከትሎ ይመጣል። አንጓች ፊት በርከክ ይልና፣ «እሜቴ፣ ተጽናንተዋል ወይ?» ይላታል። እሷም እጇን ድንጋዩ ላይ ታደርጋለች። ሟች ያረፈበት ነገር ላይ እጅ ጭኖ መዋሸት እኛ ዘንድ አልተሰማም።

«አልተጽናናሁም» ትለዋለች።

«እንግዲያው እግዜር ያጽናዎት። ለዓመቱ ያድርሰን።» ይነሳል፤ ለቤቱ የሚሆን ሽንኩርት ይገዛል፤ ይሄዳል። አንሺዎቹም ይገዛሉ።

ድንጋዩ በቆመባቸው ዓመታት መንደሩ ሌላ መንደር ሆነ። ሰው ጠዋት የነቀለውን ሳይጠወልግ ይሸጣል። ቃሪያ ተተከለ፤ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን። አስተማሪቱ ነፋስ የሚያስገባ የቀርቀሃ ቆጥ አሠራችን፤ ሽንኩርቱ እዚያ ላይ ተዘርግቶ ደህና ገዢ እስኪመጣ ይጠብቃል። ገዢዎችም ከሩቅ አገር ጋሪ እየነዱ መጡ። ገዢ ወደ ገበሬ ሲመጣ አይተን ስለማናውቅ መጀመሪያ መንገድ የጠፋባቸው መስሎን አቅጣጫ እናሳያቸው ነበር።

ይህ ሁሉ በአንጓች እንባ ላይ መቆሙን የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ መንደሩ እንባዋን እንደ ምንጭ አጠረው። አያ ድንበሩ ደንብ አወጡ። ድንጋዩ አጠገብ ቀልድ ክልክል ነው። ሠርገኛ በዚያ በኩል አያልፍም። ያዘለችው ሕፃን የሚያስቅ ፊት ያለው እናት ሸፍና ትለፍ። የለበሰችው ከል ሲደበዝዝ ሴቶቹ እየተፈራረቁ ጥቁር ይነክሩላታል። የሚያሳዝን ወሬም ከያለበት ይለቀምላታል፤ «እትዬ አንጓች፣ ማዶ አንዲት የምትታለብ ላም ገደል ገባች አሉ» ለማለት ብቻ ማልዶ የሚመጣ ሰው ነበር። በክፋት አይደለም። ማሳዋን ያርሱላታል፤ ማገዶዋን ይሰብሩላታል፤ በዓል ሲሆን የጠቦቱን ሻኛ... ጠቦት ሻኛ የለውም፤ ከበሬው ሻኛ ማለቴ ነው፣ ቀድሞ ለእሷ ይሄዳል። የሚፈልጉት እንድታለቅስ ብቻ ነው። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ሙሾ አወርዳለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ልየው የሚባል ባለጋሪ ሽንኩርት ሊጭን መጣ። ደንቡን አያውቅም። ፈረሱ ከድንኳኑ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። ጎተተው፤ እምቢ አለ። ገፋው፤ እምቢ አለ።

«ምን ሆኖብህ ነው?» አለችው አንጓች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሜቴ» አላት ላቡን እየጠረገ። «ይህ ፈረስ ቀድሞ የቄስ ነበር። ድንኳን ካየ ይቆማል፤ ንፍሮ ሳይቀምስ አይነሳም።»

አንጓች ከፊቷ ካለው ሰፌድ ንፍሮ ዘግና በመዳፏ አቀረበችለት። ፈረሱ ጨርሶ በላ፤ ራሱን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ለቅሶ የደረሰ ሽማግሌ እንደሚተነፍሰው በረጅሙ ተነፈሰና ጋሪውን ይዞ ሄደ። ያን ጊዜ ወጣ፤ ያ ሳቅ። ድንጋይ ላይ የሚወርደው።

ገበያው ቀጥ አለ። ሚዛን የያዘው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ።

«አስነጥሷት ነው!» ብለው ጮኹ አያ ድንበሩ።

«ሳል ነው፤ ከትናንት ወዲህ ያማታል» አለች በርበሬ ሻጯ።

ሁለት ሦስት ሰዎች ለምስክርነት ሳሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ልየው ገበያ በዋለ ቁጥር መጣ። ፈረሱም ቆመ።

መከሩ ሊደርስ ሲል ከአንጓች ጋር ቦዩ ዳር ተቀምጠን ችግኝ እንለይ ነበር።

«ደብሬ።»

«ወይ፣ እትዬ።»

«ትናንት የጫንያለውን ፊት ፈለግሁት፤ አጣሁት። ያገኘሁት እጁን ብቻ ነው፤ አፈር የያዘውን።» ችግኙን እያየች ነው የምታወራው። «ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ። በላሁ። ጣፈጠኝ፣ ደብሬ።»

«መጣፈጡ ምን ክፋት አለው?»

«አጽናኙ መጥቶ ሲጠይቀኝ እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ምን እላለሁ?»

ሽንኩርቱ ከፊታችን በሰልፉ ቆሟል፤ ጫፍ ጫፉ ለነፋሱ ይሰግዳል። አንድ ዓመት ድንጋዩ ቢሄድ ይህ ሁሉ ወዴት ተከትሎት እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ጫንያለው ቢኖር ምን ይልሽ ነበር?» አልኳት።

«‹አሁንስ በዛ፤ ሽንኩርቱ ይበቃል› ይለኝ ነበር።»

የጥያቄው ቀን መስኩ ጢም ብሎ ሞላ። አያ ድንበሩ የሚያሳዝን ፊት ያላቸውን ሰዎች መርጠው ከፊት አሰልፈዋል። አጽናኙ መጣ፤ ጸጉሩ ሸብቷል። እንደ ወትሮው በርከክ አለ።

«እሜቴ፣ ተጽናንተዋል ወይ?»

አንጓች እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከብት እንደሚዳበሰው።

«ተጽናናሁ» አለች።

«እንግዲያው እግዜር ያጽናዎት፤ ለዓመቱ...» ብሎ ሊነሳ የጀመረው አጽናኝ ተመልሶ ተቀመጠ። «ምን አሉ?»

«ተጽናናሁ አልኩህ። ስትመላለስ የኖርክበትን እግዜር ይቁጠርልህ።»

ከዚያ ሁካታ ሆነ። «ሰዉን ሁሉ ልትፈጂው ነው!» «ባለጋሪው ነው ያዞረባት!» «ፈረሱ ነው እንጂ!» «የጫንያለው አጥንት ይፋረድሽ!» አያ ድንበሩ መጥተው እግሯ ሥር ተደፉ። በእድሜዬ እሳቸው ለሰው ሲደፉ አይቼ አላውቅም።

«ልጄ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ። የአንድ ዓመት እንባ ምን አላት?»

«አያ፣ ይነሱ፤ ነውር ነው» አለች እያነሳቻቸው። «እኔ የነበረኝን አልቅሻለሁ። ከእንግዲህ ያለው እንባ የእኔ አይደለም፤ የገበያው ነው። ባለቤቱ ያልቅሰው።»

አጽናኙ ለአንሺዎቹ ምልክት ሰጠ። አራቱ ጎንበስ አሉ። ከበሮው ድም አለ። ድንጋዩ ከሣሩ ሲላቀቅ የእርጥብ መሬት ሽታ ወጣ። ያን ሽታ የምታውቁት ካላችሁ ከመቃብር የሚወጣው ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ያለቀሰችው በርበሬ ሻጯ ናት። ማንም አላዘዛትም። ቀጥሎ ጆንያው ላይ የተቀመጠው ጎልማሳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ካሮት የሚያጥቡት ሴቶች፣ ከዚያ ባለጋሪዎቹ፣ አስተማሪቱም ቆጡን ተደግፋ። ለደንብ የሚለቀስ ለቅሶ አልነበረም። ሰው ያን የመንገድ ከበሮ ሰምቶ፣ አህዮቹን አስቦ፣ ወንድሜ እየቀበረ የሄደውን ሽንኩርት አስቦ ነው። እኔም ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

ደጃፌ ላይ ቆመህ ስትጠራኝ ሰምቼ፣
ጫማ ሳላጠልቅ መጣሁ ተነሥቼ።

አጽናኙ እጁን አነሳ። ከበሮው ቆመ። አራቱ ድንጋዩን ጉልበታቸው ድረስ እንዳነሱት ቀሩ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለ።

«ገበያችን!» አሉ አያ ድንበሩ፣ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ።

«መቼ?»

«ይኸው አሁን፤ እያያችሁት!»

አጽናኙ አሰበ። ጣቱን አነሳ፤ አጠፈው፤ ደግሞ አነሳው። «ገበያው ከሞተ ይህ ለቅሶ ነው» አለ ለራሱ። «ለቅሶ ከሆነ ድንጋዩ አይነሳም። ድንጋዩ ካልተነሳ ደግሞ ገበያው አልሞተም። ካልሞተ ለምን ያለቅሳሉ? ሊነሳባቸው ነው። ሊነሳ ከሆነ ሞቷል...» አንሺዎቹ ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ጌታዬ፣» አለ አንደኛው፣ «እናውርደው ወይስ እንሂድ?»

«አውርዱት። ይህን ለሹሙ እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ለቅሶ ግን አይነሳም።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «የሚመጣው ዓመት መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። ሁላችሁንም፤ አንድ በአንድ።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። የሽንኩርቱ ነገር ነው አለ። ሽንኩርቱን ገዝቶ ሄደ።

አንጓች በሳምንቱ ከሏን አወለቀች። ቢጫ ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ ማሳ መሃል ስትቆም ከሩቅ ትታይ ነበር። የሽንኩርት ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የልየው ጋሪ ላይ ወጣች። መንደሩ ሊሸኛት ተሰበሰበ፤ እስከ ወንዙ ነው፣ የለም እስከ ኮረብታው ነው፣ ይህን ያህል ዓመት የተሸከመችን ሴት እስከ አገሩ ዳርቻ መሸኘት ይገባናል እያሉ ተከራከሩ። ሰው ስንቅ ይዞ የመጣ ሁሉ ነበር።

«እኔን» አለች አንጓች፣ «እስከ ደጅ ይበቃኛል።»

ፈረሱ ድንኳኑ ፊት ሲደርስ ቆመ። ንፍሮውን እኔ ሰጠሁት። አንጓች ከጋሪው ላይ ሆና ሳቀች፤ ያን ጊዜ አስነጠሳት ያለ የለም። ሳቁ ጋሪው ኮረብታውን እስኪዞር ድረስ ይሰማን ነበር። ይህ እንደ ሽኝት ይቆጠር እንደሆን አላውቅም።

አሁን ድንጋዩ አጠገብ የምንቀመጠው በተራ ነው፤ እንደ ጅረቱ ውሃ። ገበያ በዋለ ቁጥር አንድ ቤት ይመጣና ያለቅሳል። ሰው ሥራ ስለሚበዛበት እንባ እንቢ ይለዋል፤ ስለዚህ ቢላዋና አንድ ራስ ሽንኩርት እዚያው ሰፌድ ላይ ይቀመጣል። ተረኛው ልጦ ይከትፋል፤ ያለቅሳል። የተከተፈው ለወጥ ይሄዳል፤ የሚባክን የለም። አጽናኙ በየዓመቱ እየመጣ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ አንዱ ተጽናናሁ ሲል ሌላው ገና አልጀመረም፤ እስካሁን ጠይቆ አልጨረሰም። እኔ ጋ አልደረሰም።

ባለፈው ገበያ ተራው የእኔ ነበር። አያ ድንበሩ፣ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰፌዱን በዳበሳ ወደ እኔ ገፉልኝ።

«ያዢ፣ ደብሬ። ትልቁን መርጬልሻለሁ።»

ሽንኩርቱን አነሳሁት። የሰው ቡጢ ያክላል። አፈሩን በነጠላዬ ጠረግሁና ድንጋዩ ላይ አኖርኩት፤ ያኔ ወንድሜ ከተቀመጠበት ቦታ። ቢላዋውን መለስኩላቸው።

«ምነው?» አሉኝ።

«እኔ አያስፈልገኝም» አልኳቸው።